አራት ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ሰው

ነሐሴ 3

ለውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናህን ነገር እጠይቃለሁ። እጅህን ከብረት፣ እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና የሚባለው ይህ ከሆነ። እማዬ ግንባሩን ሳሚልኝ ብላኛለች፤ በደብዳቤ ግንባር እንዴት እንደሚሳም ግን አልነገረችኝም።

ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት ተናድጄ አይደለም። በስልክ "እሺ እትዬ፣ ዛሬውኑ" ትለኛለህ፤ ስትለው ደግሞ ከልብህ ነው። ስልኩ ሲዘጋ እሺታህም አብሮ ይዘጋል። በስልክ የምጽፍልህን መልእክትም አይተህ ታልፈዋለህ። ወረቀት ግን ጠረጴዛህ ላይ ተኝቶ ይጠብቅሃል፤ ሳህን ስታስቀምጥበት እንኳ ታየዋለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእማዬ የዳሌ መገጣጠሚያ አልቋል፤ ወጥቶ በብረት መተካት አለበት። ዓመት ከሁለት ወር ወረፋ ጠብቀን ተራዋ ደርሷል፤ ቀኑ ኅዳር 24 ነው። ያ ቀን ካለፈ እንደገና ወረፋው መጨረሻ ላይ ትሰለፋለች፤ እስከዚያ በእግሯ መቆሟን እንጃ። እሷ ግን ልጄን ሳላይ የቀዶ ጥገና ክፍል አልገባም ብላ ተገትራለች። ሐኪሙም ለመናት፣ ጎረቤቱም ለመናት፣ እኔም ተቆጣኋት። አባትህ ሳያይህ ሄዷል፣ እኔ አልደግመውም ነው ነገሯ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ ለስድስት ሳምንት የሚያነሳና የሚያስቀምጣት ሰው ያስፈልጋል። የእኔ ወገብ ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ጋር ሲታገል ኖሮ አሁን እጁን ሰጥቷል። የዓመት ፈቃዴንም እሷን በማመላለስ ጨርሼዋለሁ።

ገንዘብ አልጠየቅኩህም። የቲኬቱ ካነሰህ ከእኔ ይሞላል። ሁለት ቀን ቀድመህ፣ ኅዳር 22 እዚህ እንድትገኝ ነው። አዎ ወይም አይ ብለህ ጻፍልኝ፤ ሌላ ምንም አትጻፍ።

እህትህ


መስከረም 14

ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የእማዬ ሕመም እንዴት ነው? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ቀሪውን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። ቆሜ አነበብኩት፤ ማታ እመልሳለሁ ብዬ ከመሣሪያ ቦርሳዬ ከተትኩት። ትናንት አንድ ሕንፃ አናት ላይ፣ የአሳንሰሩ ሞተር ክፍል ውስጥ፣ የእጅ ባትሪ ስፈልግ በቅባት ተጨማልቆ ወጣ። አምስት ሳምንት ከእኔ ጋር ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ከርሟል። በየቀኑ ትዝ ይለኝ ነበር፤ ችግሩ ትዝ የሚለኝ ሁልጊዜ እጄ ሌላ ነገር ላይ ሆኖ መሆኑ ነው።

ባለፈው ወር ሥራ ላይ ከባድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። አሳንሰር ስንፈትሽ የበሩን መቆጣጠሪያ ለጊዜው በሽቦ እናልፈዋለን፤ ስንጨርስ ሽቦውን መንቀል ግዴታ ነው። እኔ መሃል ላይ አንዲት ሴት ጥያቄ ጠየቀችኝና ሳልነቅለው መሣሪያዬን ሰብስቤ ሄድኩ። በሩ ተከፍቶ አሳንሰሩ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ሰው ሊሞት ይችል ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ባያየው ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ከሌላ ቦታ ነበር።

አለቃዬ አላባረረኝም። ቢሮው አስገብቶ "እኔ ሰነፍ ሰው አውቃለሁ፤ አንተ ሰነፍ አይደለህም። ሐኪም ዘንድ ሂድ" አለኝ። ሄድኩ። እዚያም ከአሥራ ሁለት ዓመቴ በፊት የሚያውቀኝ ሰው እንዲሞላው ቅጽ ሰጡኝ። ከእማዬ ይልቅ አንቺ ታስታውሻለሽ ብዬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እባክሽ እውነቱን ጻፊ፤ እንዳታሳምሪልኝ።

የኅዳሩን ነገር እያሰብኩበት ነው።

ወንድምሽ


መስከረም 29

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እማዬ እግሯ ቢከዳትም አፏ አልከዳትም፤ በየቀኑ ስላንተ ትጠይቀኛለች።

አንድ ነገር ጠየቅኩህ፣ አንተ አሥራ ሁለት ጥያቄ ላክህልኝ። አዎ ወይም አይ ነበር ያልኩህ፤ "እያሰብኩበት ነው" የሚባል መልስ አልሰጠሁህም ነበር። ያም ሆኖ ቅጹን ሞልቼዋለሁ። ቅጽ መሙላት እንጀራዬ ነው። ኮፒውንም እንደ ልማዴ አስቀርቻለሁ። ቦታ ስለጠበበኝ የቀረውን እዚህ ልጨርስልህ።

ልጁ ዕቃ ይጥል ነበር ወይ ይላል። በአንድ የትምህርት ዘመን ሦስት ሹራብና አንድ እግር ጫማ ጥለሃል። ሁለቱን ብትጥል ይገባኝ ነበር፤ አንዱ እግር ጠፍቶ አንተ እንዴት ቤት እንደደረስክ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የጀመረውን ይጨርሳል ወይ ይላል። የጎረቤት ሬዲዮ ከፈታህ ምግብ ሳትቀምስ ቀኑ ይመሽብሃል፤ የቤት ሥራህ ግን አምስት ደቂቃ አያስቀምጥህም። አባዬ "ሲፈልግ ይችላል፤ እምቢተኛ ነው" ይል ነበር። እኔም የማምነው ያንኑ ነበር።

ሲጠሩት ይሰማል ወይ ይላል። "መጣሁ" ትል ነበር። ምሳ ቀርቦ "መጣሁ"፣ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ "መጣሁ"። በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ስምህን ትቶ "መጣሁ" ይልህ ጀመር፤ አንተም በዚያ ስም ስትጠራ መልስህ "መጣሁ" ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙ ቆየሁ። ልጁን ማን ይረዳው ነበር ይላል። እኔ ነበርኩ። የፈተና ቀንህን የምይዘው፣ ደብተርህን ቦርሳህ ውስጥ የምከተው፣ ከበር መልሼ ሹራብህን የማስለብስህ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሁላችሁንም ቀጠሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሸክሜ እዞራለሁ፤ ያንተን፣ የአባዬን፣ አሁን ደግሞ የእማዬን። ለእኔ ቅጽ የሚሞላልኝ ሰው የለም። ይህን ቅጹ ላይ አልጻፍኩትም።

የጠረጠሩት ነገር ስም ቅጹ ግርጌ ላይ አለ። መድኃኒቱ እኛም ዘንድ ይመጣል፤ በቁልፍ ነው የምናስቀምጠው። እኔ ግን ለልጆች ስሰጠው ነው የኖርኩት። ፂም ያበቀለ ሰው በዚህ ይታከማል ሲሉ ገና ካንተ መስማቴ ነው።

ኅዳር 24 ሩቅ አይደለም። አዎ ወይስ አይ?

እህትህ


ጥቅምት 11

ለእትዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እየመለስኩ ነው፣ ይህን ልብ በይልኝ። ፖስታውን ከመክፈቴ በፊት ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቼ ነው። ክሊኒክ ያለችው ነርስ ናት ያስተማረችኝ።

ከሰዓት ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረኝና የጻፍሽውን ለሐኪሟ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። አንድ እግር ጫማው ጋ ስንደርስ ሳቀች። ማን ይረዳው ነበር የሚለው ጋ ስንደርስ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልጠየቀችኝም። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይባላል፤ የትኩረት ችግር ማለት ነው። ከልጅነት የሚመጣ ነው፤ ሲያድጉ መሯሯጡ ይቀንሳል፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግን ብዙ ሰው ላይ እንዳለ ይቀራል። ትኩረት የለኝም ማለት አይደለም። ትኩረቴ የት እንደሚሄድ የሚወስነው እኔ አይደለሁም። አንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚረዝምም አይታወቀኝም፤ ሌላው ሰው ይታወቀዋል መሰለኝ።

አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ክሊኒኩ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደስ ብሎኝም ነበር፣ ተናድጄም ነበር። ሰነፍ፣ ግዴለሽ፣ ቃል የለሽ ያሉኝን ሁሉ አስታወስኩ፤ ከሁሉ አብዝቼ ያልኩት እኔው ራሴ ነበርኩ።

ስለ ኅዳር ያልመለስኩልሽ መምጣት ስላልፈለግኩ አይደለም። ስለምፈራ ነው። የምፈራውን ልንገርሽ፤ ስድስት ዓመት ተሸክሜዋለሁና ደክሞኛል።

አባዬ ሲሞት አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ ብያችኋለሁ። ውሸት ነው። ወሬውን እንደነገርኩት በዚያው ሰዓት ነው የለቀቀኝ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የወሰደኝም በገዛ መኪናው ነው። እንዳላረፍድ ብዬ አራት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። መሳፈሪያው በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ እየተንቋቋ ቆመ፤ አንድ የጥገና ሠራተኛ መጥቶ ወለሉን ከፈተ። ድምፁን ስሰማ ብልሽቱ የት እንደሆነ አወቅኩት። ሄጄ ነገርኩት። ባትሪውን ያዝልኝ አለኝ። እትዬ፣ የአባቴ ሬሳ እየጠበቀኝ እኔ ተንበርክኬ ባትሪ ያዝኩ። ለደቂቃ ነበር የመሰለኝ። ቀና ስል በሩ ተዘግቷል። ሦስት ጊዜ በድምፅ ማጉያ ጠርተውኛል አሉ፤ አልሰማሁም።

የሚቀጥለው በረራ ከቀብሩ በኋላ ነበር። ስልኬን አጥፍቼ ቤቴ ገባሁ። ስከፍተው "ለምን ቀረህ" አልሽኝ። "ረሳሁት" ልበልሽ? አልረሳሁትም። አንድ ደቂቃ አልረሳሁትም። ታዲያ ምን ልበልሽ? "አለቃዬ ነው" አልኩ። ከዚያ ወዲህ እማዬ በደወልኩ ቁጥር ያንን ሰው ስትረግመው እየሰማሁ ዝም እላለሁ።

የምፈራው ይህንን ነው። እመጣለሁ ብዬ እማዬ ጠብቃኝ፣ እኔ ደግሞ እንደዚያ ቀን እንዳልቀር።

ወንድምሽ


ኅዳር 3

ወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከዚህ የረዘመ ሰላምታ ዛሬ አልወጣልኝም።

ደብዳቤህን መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ አነበብኩት። አንብቤ ሳልጨርስ ደንበኛ መጣ። ክኒኑን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩለት፤ እጄን አላመንኩትም። ይኸው አሥራ ሁለት ቀን መልስ ስፈልግ ቆየሁ።

አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ቀብሩ ለጠዋት ነበር የተያዘው። ወደ ከሰዓት ያዛወርኩት እኔ ነኝ። በዋዜማው ደውለህ መንገድ ልጀምር ነው ብለኸኝ ነበርና፣ ወንድሜ ሳይመጣ አይነሳም ብዬ ከአጎቶቻችን ጋር ተጣላሁ። ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ቆሙ። እኔ በየመኪናው ድምፅ በር እወጣ ነበር። ስልክህን ሃያ ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ አንድ አጎታችን ክንዴን ይዞ "ይበቃል" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከበር ውጪ መኪና ሲቆም ልቤ ይዘላል።

በሽታ ነው ወይስ ሰበብ ብዬ ከራሴ ጋር ብዙ ተሟገትኩ። ሰበብ ነው ልልህ ብዕር አነሳሁ። ከዚያ የቅጹን ኮፒ አወጣሁና በገዛ እጄ የጻፍኩትን አነበብኩ። ሬዲዮውን ፈትቶ ሲቀመጥ ቢጠሩት አይሰማም ብዬ ጽፌያለሁ። ምን እንዳደረግክ ሳላውቅ መስክሬልሃለሁ። ምስክርነቴን አሁን ልሽረው አልችልም። ይህ ማለት ግን ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አይደለም። ገባኝ ማለት ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

ለእማዬ አልነገርኳትም። አሁንም ሳላየው አልገባም እንዳለች ናት። ትናንት ከወንበር ላነሳት ስል ሁለታችንም ተያይዘን ወደቅን። አልተጎዳንም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን እሷ ሳቀች፤ እኔ ለመሳቅም ደከመኝ።

እንደምትመጣ አድርጌ ነው የማስበው። በዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሬ በየሰዓቱ እደውልልሃለሁ። የአውሮፕላኑ በር እስኪዘጋ ስልኩን አልዘጋም። ሌላ መንገድ አላውቅም።

እህትህ


ኅዳር 12

ለእትዬ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ። ይህም እንደ አንቺው በፈጣን ፖስታ ነው የሚመጣው፤ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል።

መልሴ አዎ ነው። ኅዳር 22 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እቤት እገባለሁ።

አጎታችን ክንድሽን መያዙን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። ጥፋቴ ነው። በሽታው ለምን እንደሆነ ይናገር ይሆናል፤ በሩ ላይ ስትጠብቂ የነበርሽው ግን አንቺ ነሽ።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አፌን ያደርቀዋል፣ ምግብ ያስጠላኛል፣ በየሳምንቱ የደም ግፊቴን ይለኩኛል። ጠዋት ከወሰድኩት በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ ከሚያወሩት ሰዎች አብዛኞቹ ተነስተው እንደ መውጣት ነው። ግን የቀረው አንዱ ምን እንደሚያወራ መድኃኒቱ አይመርጥም። በመጀመሪያው ሳምንት ቲኬት ልቆርጥ ተቀምጬ ብሎኖቼን በየመጠናቸው ስለይ አምስት ሰዓት ሄደ። እንደዚያ ቀን ብሎኖቼ ተስተካክለው አያውቁም፤ ቲኬት ግን አልነበረኝም። በማግሥቱ ነርሷ "ብቻህን አትቀመጥ" አለችኝ። ባልደረባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የራሱን ጋዜጣ ሲያነብ እኔ ቲኬቱን ቆረጥኩ። አንድ ቃል አልረዳኝም፤ መቀመጡ ብቻ በቃኝ። ለምን እንደሚሠራ አልገባኝም፤ ይሠራል።

አሁን የበሩን መቆጣጠሪያ በሽቦ ከማለፌ በፊት ቀይ ጨርቅ አንጓዬ ላይ አስራለሁ፤ ሽቦው ሳይነቀል ጨርቁ አይፈታም። ሰው ስቆብኛል፤ ይሳቅ። ጭንቅላቴን አላምነውምና ሥራውን ከጭንቅላቴ ውጪ አስቀምጣለሁ። አንዳንድ ቀን ጨርቁ ራሱ ይጠፋብኛል። ያኔ ሥራ አልጀምርም።

ስለ መደወሉ። አትደውዪልኝ እትዬ። ደብዳቤሽን ለነርሷ ስነግራት፣ ላንተ የምታስታውስልህ እህትህ ናት፣ ለእሷስ ማን ያስታውስላታል አለችኝ። ስለዚህ ሌላ ሰው ለመንኩ። ድርጅታችን ዘንድሮ የዚያን አውሮፕላን ማረፊያ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ጥገና ይዟል፤ አለቃዬ እስከ መሳፈሪያው በር የሚያስገባ ፈቃድ አለው። ቢሮው ገብቼ የስድስት ዓመቱን ውሸት ነገርኩት። በእሱ ስም እንዳሳበብኩ፣ እናቴም እንደምትረግመው። ጉልበቱን አሻሸ። ከዚያ "ለዚህ ነዋ ጉልበቴ የማይሻለው" አለ። እስክሳፈር አጠገቤ ይቀመጣል።

ለእማዬ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። አንቺ ያን ቀን ሥራሽን ሥሪ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ለወንድሜ፣

ማዶ ክፍል ተቀምጠህ ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስቅህ። በአፌ ከጀመርኩት ወይ እጮሃለሁ፣ ወይ አለቅሳለሁ፤ ለሁለቱም ጉልበት የለኝም። ወረቀት ለምደናል፣ በወረቀት ይሁን።

እማዬ ከሆስፒታል ከወጣች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ትናንት ከአልጋ እስከ መስኮት በአንተ ክንድ ተራመደች። በቀዶ ጥገናው ዋዜማ እውነቱን ስትነግራት እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ የተጨነቀችው ለአለቃህ ነው፤ "ስድስት ዓመት ሙሉ ምስኪኑን ሰው!" ብላ ስልኩን አምጡልኝ አለች። ቋንቋውን ሳታውቅ ሩብ ሰዓት ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ምኑም ሳይገባው ሩብ ሰዓት አዳመጣት።

አሁን የእኔን ልንገርህ። ኅዳር 22 አልደወልኩልህም፤ ግን ሥራዬንም አልሠራሁም። አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ መኪና ቆመ። በሩን ስከፍት ቆመሃል። አንተ አቅፈኸኝ አለቀስክ፤ እኔ እንደ እንጨት ደርቄ ቆምኩ፣ ሻንጣህን ተቀብዬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ በዓይንህ ስትጠይቀኝ አያለሁ። ደስታ አልነበረም የተሰማኝ። ንዴት ነበር። ለካ ይቻል ነበር ብዬ ነው የተናደድኩት። አንድ ክኒን፣ አንድ አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው፣ አንድ "ሰነፍ አይደለህም" የሚል። ያንን አባዬ አላወቀውም፣ እኔም መድኃኒቱን በእጄ እየቆጠርኩ ስሰጥ ኖሬ አላወቅኩትም። አንተም በሩ ላይ ቀረህ፣ እሱም ልጁ ሳይመጣ ተቀበረ። የተናደድኩት በአንተ አይደለም። በማን እንደሆነም አላውቅም።

ሰው ሁሉ ተለውጧል ይለኛል። አልተለወጥክም። ትናንት ቧንቧ ከፍተህ ረስተህ ኮሪደሩን ውኃ አጥለቅልቀኸዋል። ግን ሳልናገርህ ወልውለህ አደረቅከው፤ ከዚያም እማዬ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሰዓት በትልልቁ ጽፈህ ግድግዳው ላይ ለጠፍክ። አንዱን ሰዓት ተሳስተህ ነበር። አየሁት፣ ላርመው ተነሳሁ። ከመድረሴ በፊት ራስህ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር አመሳክረህ አረምከው።

ዛሬ የስምንት ሰዓቱ ክኒን አለ፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጣት ነው፤ መዝለል የለበትም። እኔ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ስምንት ሰዓት ላይ ከመድኃኒት ቤቱ እየደወልኩ "ሰጠሃት?" እልህ ነበር። ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው። አሁን ሰባት ሰዓት ሆኗል። እንድቀሰቀስ የስልኬን ማንቂያ ለስምንት ሞልቼው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ካየሁት በኋላ አጠፋሁት።

ይህን ወረቀት ከበርህ ስር እከትልሃለሁ። ልተኛ ነው። እስክነሳ አትቀስቅሱኝ።

እህትህ